ነፋስ ብቻውን ያልበቃው ሞተር

በሞቃት አገር ለጥንታዊ ፖርሼ 911 የውጭ ዘይት ማቀዝቀዣ መቼ ይጨመራል? እንዴትስ ይጨመራል?

የነሐሴ ወር ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። ከባሕረ ሰላጤው ከተሞች በአንዱ፣ በሰፊው አውራ ጎዳና ላይ መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። የውጭው ሙቀት 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል። በዘመናዊዎቹ መኪኖች ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች መስኮታቸውን ዘግተው ቀዝቃዛ አየር ይተነፍሳሉ፤ ስለ ሞተሩ የሚጨነቅ የለም። ከመካከላቸው አንዷ ግን ዝቅ ያለች፣ ክብ መብራቶች ያሏት፣ ዕድሜዋ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ መኪና ናት። ባለቤቷ መንገዱን የሚመለከተውን ያህል ከመሪው ኋላ ያለችውን አንዲት ቀጭን መርፌም ይመለከታል። መርፌዋ የሞተሩን ዘይት ሙቀት የምታሳይ ናት። ከፊት ያሉት መኪኖች ሳይንቀሳቀሱ በቆዩ ቁጥር እርሷ ወደ ቀዩ መስመር ትጠጋለች።

መኪናዋ ፖርሼ 911 ናት። ውኃ የሚሞላበት ራዲያተር የላትም። ባለቤቷ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ መኪናዋን በክረምት ብቻ እየነዳ በጋውን ጋራዥ ውስጥ ያቆማታል፣ ወይም መሐንዲሶቿ የጀመሩትን ሥራ ለሚኖርበት አገር አየር በሚስማማ መንገድ ያሟላዋል። ለሁለተኛው ምርጫ ዋናው መሣሪያ የውጭ ዘይት ማቀዝቀዣ ነው። ይህ መሣሪያ በትክክል ከተገጠመ ሞተርን ከጥፋት ያድናል። ያለ ምርመራ ከተገጠመ ግን በሽታውን ሸፍኖ ሞተሩን ቀስ በቀስ የሚያስገድል ይሆናል።

ውኃ የማያውቅ ሞተር

በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለብዙ ዓመታት የተመላለሰውና ሕዝቡ «ቮልስ» ብሎ በፍቅር የሚጠራው ቮልስዋገን የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የኋላ ኮፈኑ ሲከፈት የውኃ ቱቦ አይታይም። የሚታየው በቺንጊያ የሚዞር ማራገቢያና ነፋሱን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመራ የቆርቆሮ ሽፋን ነው።

የሁለቱ ዝምድና በአሠራር ብቻ የተወሰነ አይደለም። ቮልስዋገንን የነደፉት ፈርዲናንድ ፖርሼ ሲሆኑ፣ ልጃቸው ፌሪ ፖርሼ በ1948 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያዋ ግሙንድ የቤተሰቡን ስም የያዘችውን የመጀመሪያዋን ስፖርት መኪና 356ን አስጀመሩ። ተተኪዋ በመስከረም 1963 በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ላይ 901 ተብላ ቀረበች። የፈረንሳዩ ፔጆ በመካከሉ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አኃዝ መጠሪያ የእኔ ነው ብሎ በመቃወሙ ስሟ ወደ 911 ተለወጠ። ሞተሯ 2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደሮች ሦስት በሦስት ግራና ቀኝ የተጋደሙበት፣ 130 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። በአየር የሚቀዘቅዘው የ911 ትውልድ ከዚያ በኋላ መጠኑና ጉልበቱ እያደገ እስከ 1998 ድረስ ቆየ።

«በአየር የሚቀዘቅዝ» የሚለው መጠሪያ ግን እውነቱን ሙሉ በሙሉ አይናገርም። ነፋሱ የሚደርሰው የሲሊንደሮቹን ውጫዊ ገጽና ቴስታታውን ነው። በፒስተኖቹ ታች፣ በዋናው ዘንግና ቫልቮቹን በሚያንቀሳቅሱት ዘንጎች ዙሪያ የሚፈጠረውን ሙቀት የሚያነሣው ዘይት ነው። ስለዚህ በዚህ ሞተር ውስጥ ዘይት ሁለት ኃላፊነት አለበት፤ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ያለሰልሳል፣ ሙቀትንም ተሸክሞ ይወጣል። ሁለተኛው ኃላፊነት ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት የመጀመሪያውንም መወጣት ያቅተዋል፤ የጋለ ዘይት ይቀጥናልና።

የ911 መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ ዘይቱን በሞተሩ ሆድ ውስጥ አላከማቹትም። አንድ ፓምፕ ዘይቱን በግፊት ወደ ሞተሩ ይልካል። ሌላ ፓምፕ ደግሞ ሥራውን ጨርሶ የወረደውን ዘይት እየሳበ በቀኙ የኋላ ጎማ አጠገብ ወዳለው ልዩ ማጠራቀሚያ ይመልሰዋል። የቮልስ ሞተር የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ የቀደሙት 911ዎች ዘጠኝ ሊትር ገደማ ይይዛሉ፤ የኋለኞቹ ከዚያም ይበልጣሉ። በሞተሩ ላይ ከማራገቢያው ነፋስ ድርሻውን የሚያገኝ አንድ የዘይት ማቀዝቀዣም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበር።

የዲግሪዎች ሒሳብ

ለጀርመን መንገድ የበቃው ይህ ዝግጅት በባሕረ ሰላጤው በጋ ለምን ያንሳል? መልሱ በቀላል ሒሳብ ይገኛል። አንድ ማቀዝቀዣ የሚያስወጣው ሙቀት በዘይቱና በውጭው አየር መካከል ባለው የዲግሪ ልዩነት ይወሰናል። ዘይቱ 100 ዲግሪ፣ አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ 80 ነው። አየሩ 45 ሲደርስ ልዩነቱ ወደ 55 ይወርዳል። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ያው ማቀዝቀዣ የሥራ አቅሙን ሲሶ ያህል አጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሞቀ አየር ስለሚሳሳ ማራገቢያው በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው የአየር ክብደት ይቀንሳል። በኩዌት ሚትሪባ በሐምሌ 2016 የተመዘገበውና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ያጸደቀው 53.9 ዲግሪ ሲታሰብ የሒሳቡ ክብደት ይበልጥ ይገባል።

ሌላው ችግር መቆም ነው። የ911 ማራገቢያ የሚዞረው በሞተሩ ቺንጊያ ስለሆነ ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲያዘግም ያዘግማል። በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ የቆመ መኪና ማራገቢያው ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ከአስፋልቱና ከጭስ ማውጫው የሚነሣው ግለት ግን አይቀንስም። መርፌዋ ብዙ ጊዜ በፈጣን ጉዞ ሳይሆን ከፈጣን ጉዞ በኋላ ሲቆም የምትወጣው ለዚህ ነው።

የእነዚህ ሞተሮች ዘይት በሥራ ላይ ከ80 እስከ 110 ዲግሪ ባለው መካከል ቢሆን ጤናማ ነው። 120 አልፎ ሲሰነብት ግን ጉዳቱ ይጀምራል። በዘይት ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ግምታዊ ልኬት አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዘይቱ የሚበላሽበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። የቀጠነው ዘይት ግፊቱ ይወርዳል፣ በዘንጉና በተሸከሙት ብረቶች መካከል ያለው ስስ ሽፋንም ይሰበራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታት ነው። በዚህ ዓይነት ጥንታዊ መኪና ላይ ደግሞ የሞተር እድሳት ወጪ ከማቀዝቀዣው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ፋብሪካው ራሱ የሰጠው ምስክርነት

የውጭ ማቀዝቀዣ ለሞቃት አገር ሰዎች ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ሐሳቡ የመጣው ከፋብሪካው ነው። በ1969ኙ ሞዴል የ911ኤስ ጉልበት ወደ 170 ሲያድግ ሞተሩ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ብቻውን አልበቃም። ፖርሼ ሁለተኛ ማቀዝቀዣ ከፊት በቀኙ ፓራፋንጎ ውስጥ አስቀመጠ። በውድድር መኪኖቹ ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣው ከፊት መሃል፣ ነፋሱ ፊት ለፊት በሚመታበት ስፍራ ተገጠመ። በ1970ዎቹ በብዙዎቹ የመንገድ መኪኖች ላይ እንደ ጡሩንባ የታጠፈ ባዶ ቱቦ ብቻ በፓራፋንጎው ውስጥ ይደረግ ነበር። በ1980ዎቹ በወጡት ካሬራዎች ላይ ግን ስስ ክንፎች ያሉት እውነተኛ ራዲያተር ቦታውን ወሰደ፤ በኋላም የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ተጨመረለት። የእያንዳንዱ እርምጃ ትርጉም አንድ ነው፤ ሞተሩ ባደገ ቁጥር ዘይቱ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ጠይቋል።

ጥንቃቄ ሲጎድል ምን እንደሚከተል ያሳየው የ2.7 ሊትሩ ሞተር ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የወጡት እነዚህ ሞተሮች ዋና አካላቸው ከማግኒዥየም የተሠራ ነበር። ማግኒዥየም ቀላል ነው፤ ሲሞቅ ግን ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል። ሲሊንደሮቹንና ቴስታታዎቹን አጥብቀው የያዙት ረጃጅም ቡሎኖች ደግሞ ብረት ናቸው። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ የጭስ ብክለትን ለመቀነስ ሲባል ጭሱን በከፍተኛ ሙቀት የሚያቃጥል መሣሪያ በጭስ ማውጫው ላይ ተገጥሞ ነበር። ግለቱ በሞተሩ ሥር ተከማቸ። ማግኒዥየሙ ተለጠጠ፣ ቡሎኖቹም የተያዙበትን ጥርስ ነቅለው ወጡ። ብዙ ሞተሮች ተከፍተው፣ የተነቀለው ጥርስ በብረት እጀታ ተተክቶ መጠገን ነበረባቸው። በ1978 የወጣው 911ኤስሲ ወደ አሉሚኒየም አካል ተመልሷል። ዛሬ በሞቃት አገር ባለ 2.7 ሊትር 911 የያዘ ሰው ስለ ዘይት ማቀዝቀዣ ሲያስብ የሚጠብቀው ይህ ታሪክ በእርሱ ላይ እንዳይደገም ነው።

ከመጨመር በፊት መመርመር

ልምድ ያለው መካኒክ «ሞተሬ ይሞቃል» የሚል ደንበኛ ሲመጣለት ማቀዝቀዣ ለማዘዝ አይቸኩልም። መጀመሪያ የሚጠይቀው መርፌዋ እውነት ትናገር እንደሆነ ነው። የእነዚህ መኪኖች መለኪያዎች አርጅተዋል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ቁጥር እንኳ የለም፣ ነጭ ሰረዞችና ቀይ መስመር ብቻ ናቸው። ሙቀቱ በሌላ መለኪያ ይረጋገጣል፤ የሚያሳስት ዳሳሽ ካለ ይለወጣል።

ቀጥሎ ሞተሩ ላይ ያለው የመጀመሪያው ማቀዝቀዣ ይታያል። ለዓመታት የተንጠባጠበ ዘይትና የበረሃ አቧራ ተዋህደው ክንፎቹን እንደ ጭቃ ሊደፍኗቸው ይችላሉ። ነፋስ የማያልፍበት ማቀዝቀዣ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። የማራገቢያው ቺንጊያ መወጠሩ፣ ነፋሱን የሚመሩት ቆርቆሮዎች መሟላታቸው፣ በሞተሩ ክፍል ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያም መኖሩ ይመረመራል። ይህ ጎማ ተራ ጌጥ አይደለም። ከታች የሚነሣው የጋለ አየር ወደ ላይ ተመልሶ በማራገቢያው እንዳይሳብ የሚከለክለው እርሱ ነው። ጎማው ከሌለ ሞተሩ የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል። በመጨረሻም የካንዴላ እሳት የሚለኮስበት ጊዜና የነዳጅና የአየር ድብልቅ ይፈተሻሉ፤ የሁለቱም መዛባት ሞተርን ያግላል።

ከእነዚህ አንዱ ተበላሽቶ ሳለ የውጭ ማቀዝቀዣ የሚጨምር ሰው ትኩሳት ያለበትን በሽተኛ በማራገብ ብቻ ለማዳን እንደሚሞክር ነው። መርፌዋ ትወርድለት ይሆናል፤ በቴስታታው ውስጥ ያለው ችግር ግን ሥራውን ይቀጥላል። ሁሉም ተፈትሾ ጤናማ ሆኖ ሳለ የዘይቱ ሙቀት በበጋ ካልወረደ፣ ያን ጊዜ ማቀዝቀዣው ቦታውን አገኘ ማለት ነው።

የዘይቱ ረጅም ጉዞ

በትክክል የተሠራ ጭማሪ የፋብሪካውን ፈለግ ይከተላል። ዘይቱ የሚነሣው ከሞተሩ ወደ ማጠራቀሚያው ከሚመለስበት መስመር ላይ ነው። በዚያ መስመር ላይ ከቀኙ የኋላ ጎማ አጠገብ ቴርሞስታት ይቀመጣል። ዘይቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ቴርሞስታቱ አቋርጦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመልሰዋል። ሙቀቱ 80ዎቹን ዲግሪዎች ሲደርስ መንገዱን ይከፍታል፣ ዘይቱም በቀኙ በር ሥር በተዘረጉ የብረት ቱቦዎች ወደ ፊት ተጉዞ በማቀዝቀዣው ውስጥ አልፎ ይመለሳል።

አንዳንዶች «በእኛ አገር ብርድ የለም» ብለው ቴርሞስታቱን ያስቀራሉ። ይህ ስሕተት ነው። በሞቃት አገርም ቢሆን ጠዋት የተነሣ ሞተር ዘይቱ ቶሎ መሞቅ አለበት። የማይሞቅ ዘይት በውስጡ የሚጠራቀመውን የውኃ ጤዛና የነዳጅ ርጥበት አያስወጣም፤ ወፍራም እንደሆነ በጠባብ የማቀዝቀዣ ቱቦዎች ውስጥ በግድ ሲገፋም መገጣጠሚያዎቹን ያስጨንቃል።

የቱቦዎቹ ዓይነትም ልብ ሊባል ይገባል። የብረት ቱቦዎቹ ዘይት ከማጓጓዝ ባሻገር በጉዞ ላይ ሙቀት ስለሚያስወጡ ራሳቸው እንደ ማቀዝቀዣ ያገለግላሉ። በጎማ ቱቦ የሚተካቸው ሰው ይህን ጥቅም ያጣል። ጎማ ግድ ከሆነ ለትኩስ ዘይትና ለግፊት የተሠራ፣ ከመንገድ ጠጠርና ከስለታም ቆርቆሮ የተጠበቀ መሆን አለበት። በቀኙ በር ሥር የሚፈነዳ አንድ ቱቦ ማጠራቀሚያውን በአጭር ጊዜ ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ትኩስ ዘይት በጎማ ወይም በፍሬን ላይ ከፈሰሰ ደግሞ አደጋው ከሞተር አልፎ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ቱቦዎቹን ሲፈቱና ሲያስሩ በሁለት ቁልፍ፣ አንዱ እየያዘ ሌላው እየዞረ፣ መሥራት ግድ ነው፤ ያረጁ ዳዶዎች በአሉሚኒየሙ ላይ ስለሚጣበቁ በጉልበት ሲዞሩ ቱቦውን ይዘው ይጠመዘዛሉ።

ማቀዝቀዣው የተቀመጠበት ስፍራ ከመጠኑ እኩል ይመዝናል። ነፋስ የሚገባበት ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትም ያስፈልገዋል። በፓራፋንጎ ውስጥ መውጫ ሳይኖረው የተወተፈ ትልቅ ማቀዝቀዣ ነፋስ በነፃ ከሚያልፍበት ትንሽ ማቀዝቀዣ ያነሰ ሥራ ሊሠራ ይችላል። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ለሚነዳ መኪና የኤሌክትሪክ ማራገቢያ መጨመር ይገባል፤ መኪናው ሲቆም የተፈጥሮ ነፋስ የለምና። ማራገቢያው የራሱ ፊውዝና በሙቀት የሚበራ ማብሪያ ሊኖረው ይገባል።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ሞተሩ ከዚህ በፊት ተሰብሮ ከነበረ አሮጌውን ማቀዝቀዣ መልሶ መግጠም ክልክል ነው ሊባል ይችላል። ከተሰበረው ሞተር የወጣው የብረት ፍርፋሪ በጠባብ ቱቦዎቹ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል፤ በነዳጅ ማጠብ ብቻ አያስወጣውም። አዲሱ ሞተር ሲነሣ ፍርፋሪው ተነቅሎ እንደገና መንገዱን ይጀምራል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ዘይቱ ይሞላል። አዲሶቹ ቱቦዎችና ማቀዝቀዣው ድርሻቸውን ስለሚወስዱ የቀድሞው ልክ አይበቃም። በ911 የዘይት መጠን የሚለካው እንደ ሌሎች መኪኖች ሞተር ጠፍቶ አይደለም፤ ሞተሩ ሞቆ፣ በዝግታ እየሠራ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ነው። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ዘይቱ ወደ ፊት ሳይደርስ የለካ ሰው ይሳሳታል። ከልክ በላይ የሞላም ትርፉን ዘይት ወደ አየር ማስገቢያው ይገፋዋል፣ መኪናውም ነጭ ጭስ ይተፋል።

መቁረጥ ወይስ መጠበቅ

በዚህ ሥራ ላይ ከባዱ ጥያቄ የመፍቻ ጉዳይ አይደለም። ከፋብሪካው ያለ ፊት ማቀዝቀዣ የወጣች መኪና ላይ ቱቦ ለማሳለፍና ነፋስ ለማስገባት ቆርቆሮ መብሳት ወይም መቁረጥ ሊያስፈልግ ይችላል። በ2021 በዱባይ ዲዛይን ዲስትሪክት እንደተጀመረው «አይኮንስ ኦቭ ፖርሼ» ያሉ ትርኢቶች በክልሉ ለእነዚህ መኪኖች ያለው ፍቅር ምን ያህል እንደሆነ አሳይተዋል። በገበያው ከፍተኛ ዋጋ የሚያወጡት ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጡ የተጠበቁት ናቸው። የተቆረጠ ፓራፋንጎ ዋጋ ይቀንሳል።

በሌላ በኩል፣ ከመኪናው ጋር አብሮ የተወለደው ሞተርም የዋጋው ትልቅ ክፍል ነው። ቆርቆሮዋን ለማዳን ሲባል ሞተሯን በሙቀት ያጣች መኪና ከሁለቱም የከፋውን አገኘች። ጥንቁቆቹ ባለሙያዎች የሚመርጡት መካከለኛውን መንገድ ነው። በፋብሪካው ነባር ቀዳዳዎችና ማሰሪያ ቦታዎች ይጠቀማሉ፣ ፖርሼ ራሱ ለኋለኞቹ ሞዴሎች የሠራውን ዓይነት ዕቃ ይገጥማሉ፣ ሊመለስ የማይችል ቁርጥ ያስወግዳሉ፣ የወለቀውንም ሁሉ ስም ጽፈው ለባለቤቱ ያስረክባሉ። መኪናዋ ነገ ወደ ቀዝቃዛ አገር ብትሄድ ወይም ለሙዚየም ብትሸጥ ወደ ነበረችበት መመለስ ትችላለች። በዓመት ጥቂት ቀን፣ በክረምት ጠዋት ብቻ ለምትወጣ መኪና ግን ምንም ሳይጨመርባት መቆየቷ ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ቅጠሉ ማቀዝቀዣው ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት የተደረገው ምርመራም ጭምር ነው።

ሥራው በትክክል መሠራቱን ማረጋገጫው ቀላል ነው። መኪናዋ ከሞቀች በኋላ ትቆማለች፣ መካኒኩም በቀኙ በር ሥር ወዳሉት ቱቦዎች እጁን ሳይነካ ያስጠጋል። መርፌዋ ከፍ ብላ ሳለ ቱቦዎቹ ቀዝቃዛ ከሆኑ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም፣ ዘይቱም ወደ ፊት አልሄደም፤ ሥራው እንደገና መታየት አለበት። ቱቦዎቹ ግለው መርፌዋ ባለችበት ከረጋች ግን ዘይቱ ጉዞውን ጀምሯል። ባለቤቱም በሚቀጥለው ነሐሴ በዚያው ጎዳና ላይ፣ በዚያው ሰልፍ ውስጥ ሲቆም፣ ከመርፌዋ ይልቅ መንገዱን ሊመለከት ይችላል።